ድድ ሲደማ ምን ይደረግ? ለግሸንና ለአምባሰል ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ጠዋት በመፋቂያ ሲፍቁ ምራቅዎ ቀላ ብሎ ከወጣ «እንጨቱ ወግቶኝ ነው» ብለው አይለፉት። ጤነኛ ድድ በመፋቂያም በብሩሽም ሲነካ አይደማም። የሚደማው ታሞ የሰነበተ ድድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ለደም ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ ጥርስ እስኪጠዘጥዝ፣ ጉንጭ እስኪያብጥ፣ እንቅልፍ እስኪጠፋ ይጠበቃል። የድድ በሽታ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላና አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጠም ጥርሱ ሲነቃነቅ ይገኛል። ያን ጊዜ «እርጅና ነው» ይባላል። እርጅና አይደለም። በ70 ዓመታቸው በራሳቸው ጥርስ ቆሎ የሚቆረጥሙ አሉ፤ ገና በ35 ዓመታቸው የፊት ጥርሳቸው የረገፈባቸውም አሉ።

ነገሩ የሚያሳፍርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት መሠረት ከባድ የድድ በሽታ ያለበት ሰው በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል።

ይህን የምጽፈው የጥርስ ሐኪም በቅርቡ ለሌለው ሰው ነው፤ በግሸን ደብረ ከርቤ አምባ ላይ ለሚያገለግሉት ካህናትና መነኮሳት፣ ከአምባው ሥር ለሚያርሱት፣ መስከረም 21 ለንግሥ አቀበቱን ለሚወጡት ምዕመናን፣ በውጫሌና በሐይቅ ገበያ ለሚውሉት። በዚህ አገር ሐኪም ቤት መሄድ ሥራ አስፈትቶ ያውላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል፣ መሄድ ግድ የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ እዚያ ሲደርሱም ምን መናገርና ምን መጠየቅ እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ።

በሽታው ከየት ይጀምራል

በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በየቀኑ የሚለጠፍ፣ ነጣ ያለና ለስላሳ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ነገር አለ። የምግብ ትራፊ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ አብዛኛው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። ሳይነሳ ሲቀር ድዱ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። በ1965 እ.ኤ.አ. ሃራልድ ሎይ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዴንማርክ ውስጥ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ ወጣቶችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ። ማጽዳቱን ሲቀጥሉ በሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። ለመታመም ሦስት ሳምንት ይበቃል ማለት ነው፤ በጊዜው ከተደረሰበት ደግሞ ለመዳን ከጽዳት ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም።

ያ ለስላሳ ቆሻሻ ከሰነበተ ምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ይደድርና ቢጫ ወይም ቡናማ ድንጋይ ይሆናል። ሐኪሞች ታርታር ይሉታል። አንዴ ከደደረ በመፋቂያም፣ በብሩሽም፣ በጨውም አይነሳም። ከሁሉ ይበልጥ የሚከማቸው በታች የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ በምላስ በኩል ነው፤ ምራቅ የሚያመነጩት እጢዎች አፍ የሚከፈተው እዚያው ከምላስ ሥር ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ በሽታው ወደ ታች ይወርዳል። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል። ኪሱ ውስጥ ብሩሽ አይገባም፤ ባክቴሪያው እዚያ ተደላድሎ ይራባል፤ ሰውነትም እሱን ሲዋጋ ጥርሱ የተተከለበት አጥንት አብሮ ይሟሟል። ስለዚህ በሽታው ሁለት ደረጃ አለው ብለው ይያዙ። ድድ ብቻ ከተቆጣ ሙሉ በሙሉ ይድናል። አጥንት ከተነካ ግን ሕክምናው በሽታውን ባለበት ያስቆማል እንጂ የሄደውን አጥንት በአብዛኛው አይመልስም።

በመስታወት ራስዎን ይመርምሩ

ጠዋት ፀሐይ በምትገባበት በር ወይም መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ መስታወት ይያዙ፣ ከንፈርዎን በጣትዎ ገልብጠው ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ቀስ ብለው ይመልከቱ። ጤነኛ ድድ ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል፤ በሁለት ጥርስ መካከል ሹል ሆኖ ይገባል። የታመመ ድድ ጫፉ ይዶለዱማል፣ ያብለጨልጫል፣ ሲጫኑት ይልማል። በጣትዎ ከታች ወደ ጥርሱ ገፋ አድርገው ይጫኑት፤ ደም ወይም መግል ብቅ ካለ ከሥሩ ኪስ አለ። ከዚያ አንዱን ጥርስ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በቀስታ ይሞክሩት። ከተነቃነቀ በሽታው አጥንት ላይ ደርሷል። ጥርስዎ ከዱሮው የረዘመ ከመሰለዎት ጥርሱ አላደገም፤ ድዱ ሸሽቷል።

ፍንጭት እኛ ዘንድ የውበት ምልክት ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ከሆነ ይሁን። በጎልማሳነት አዲስ የተከፈተ ፍንጭት ግን፣ በተለይ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ እየተገፉ ከሆነ፣ አጥንቱ እየሟሸሸ ለመሆኑ ከሚታዩት ምልክቶች ዋነኛው ነው። ይህ ሳይጠረጠር ስንት ጊዜ ያልፋል!

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና እኅቶች ከሌላው ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። የድድ ንቅሳት በአማራው ገጠር የቆየ ልማድ ነው፤ ግማሹ ለውበት፣ ግማሹ ደግሞ «የሚደማ ድድ ያደርቃል» ተብሎ ይደረጋል። ንቅሳቱ የድዱን መልክ ይለውጣል እንጂ ከሥሩ የተጋገረውን ድንጋይ አያነሳም። የባሰው ጉዳቱ ምልክት መሸፈኑ ነው። የጠቆረ ድድ ላይ መቅላት አይታይም፤ ስለዚህ በቀለም አይፍረዱ። እብጠቱን፣ የጫፉን ቅርጽ፣ በመፋቂያው ላይ የሚቀረውን ደም ይመልከቱ። ለሐኪሙም «ድዴ የተነቀሰ ነው፣ ኪሱን ለክተው ይዩልኝ» ይበሉት።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም እንዲሁ ይታለላል። ጭሱ የድዱን የደም ዝውውር ስለሚያዳክም በሽታው እየገፋ እንኳ ብዙ ላይደማ ይችላል። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ቅጠሉን ሁልጊዜ በሚይዝበት ጉንጭ በኩል ያለውን ድድ ከሌላኛው ወገን ጋር አስተያይቶ ይመልከት፤ የሸሸና የቆሰለ ነገር ካለ እዚያ ያገኘዋል። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳም ጥርሱን ይጎዳል።

ከመስታወቱ ሌላ ቤተሰብ ይጠይቁ። መጥፎ የአፍ ጠረን ራስን አይሸትም፤ ሰውም ደፍሮ አይናገርም። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባልዋ እውነቱን በፍቅር ብትነግር ብዙ ጥርስ ይተርፋል።

ዛሬ ማታ የሚጀመረው ጽዳት

የጥርስ ሳሙና ለመግዛት ገንዘብ እስኪገኝ መቆየት አያስፈልግም። መፋቂያ በደንብ ከተጠቀሙበት ያጸዳል። ችግሩ አፋፋቁ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ እየሄድን፣ እያወራን፣ የፊት ጥርሶቻችንን ብቻ ወዲያና ወዲህ እናሻለን። የፊቱ ነጭ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ድንጋይ ይሠራል።

እንዲህ ያድርጉ። የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ ዘንግ ከእርሳስ በማይወፍር መጠን ይቁረጡ። ወተት ከሚያወጣ ተክል፣ እንደ ቅንጭብ ካለው፣ ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ወተቱ አፍ ያቃጥላል። ጫፉን የጣት ጥፍር ያህል ልጠው ጭረቱ እስኪለሰልስና እስኪበተን ያኝኩት። ከድዱ ጀምረው ወደ ጥርሱ ጫፍ ይጥረጉ፤ ለላይኛው ወደ ታች፣ ለታችኛው ወደ ላይ። ወደ ጎን አይገዝግዙት፤ ድዱን ያሸሻል፣ የጥርሱንም አንገት ይሸረሽራል። በውጭ በኩል ሲጨርሱ ዘንጉን አጠፍ አድርገው በምላስ በኩል ያለውን፣ በተለይ የታች የፊት ጥርሶችን ጀርባ ይፍቁ። መጨረሻ ላይ መንጋጋዎችን። የተጠቀሙበትን ጫፍ በነጋታው ቆርጠው ይጣሉና አዲስ ያዘጋጁ። መፋቂያ እንደ ማበጠሪያ ለቤተሰብ በጋራ አይሆንም።

ብሩሽ ያለዎት ለስላሳውን ይምረጡ፤ ጠንካራ ብሩሽ ይበልጥ ያጸዳል የሚባለው ስህተት ነው። ጭረቱን ወደ ድዱ ጫፍ ዘንበል አድርገው አጫጭር እንቅስቃሴ ያድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ግን የግድ ማታ ከመተኛት በፊት። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ካለ ጥርስ እንዳይበሰብስ ይረዳል። በሦስት ወር ብሩሹን ይቀይሩ። ጥርስ ያነጣል ተብሎ በከሰልና በአመድ ማሸት ግን ይቅር፤ ጥርሱንም ድዱንም ይፍቃል።

በጥርስ መካከል የገባውን ብሩሽም መፋቂያም አይደርስበትም። የጤፍ እንጀራ፣ የበሶ ዱቄት፣ የቆሎ ገለፈት እዚያ ነው የሚቀረው። የጥርስ ክር ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ስቴኪኒ ከጥርሱ ጎን አስጠግተው በቀስታ ይጠቀሙ። በመርፌ፣ በክብሪት እንጨትና በሚስማር ጥርስ መጎርጎር ድድን ያቆስላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ይጨምር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርቶ ያቆማል፤ እርስዎ አያቁሙ፣ በእርጋታ ይቀጥሉ። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨው ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ጠዋትና ማታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጉመጥመጡና ይትፉት። የደም ግፊት ያለብዎ ከሆነ እንዳይውጡት ይጠንቀቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ከቆመ ተቆጥቶ የነበረው ድድ ብቻ ነበር። ካልቆመ ግን ከድዱ ሥር ድንጋይ አለና በቤት ውስጥ የሚደረገው አበቃ፤ መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ግሸን የሚወጣ ሰው ቀናት በመንገድ ላይ ያሳልፋል፤ ስንቁም በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ሁለቱም ጥርስ ላይ የሚለጠፉ። መፋቂያዎን ከስንቅዎ ጋር ይያዙ። በጾም ቀን ለመፋቅ የሚቸገሩ ምዕመናን ማታ ከበሉ በኋላ ተጠንቅቀው ቢፍቁ አይጎድልባቸውም፤ ዋናው የሌሊቱ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከሶላት በፊት በስዋክ የመፋቅ ልማድ ስላላቸው ትልቁ ሥራ ተሠርቷል፤ የጥርሱን ጀርባና መንጋጋውን ከጨመሩበት ደግሞ ይሟላል።

ከማያድኑት ነገሮች ይራቁ

ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ድድ ላይ ማሰር፣ አስፕሪን መለጠፍ፣ አረቄ አፍ ውስጥ መያዝ ድዱን ያቃጥሉታል። የተቃጠለ ሥጋ ስለሚደነዝዝ ለሰዓታት ፋታ የሰጠ ይመስላል፤ በኋላ ግን ቁስል ይተካል። «የጥርስ ትል» ለማስወጣት የአስተናግር ፍሬ ጭስ መታጠን ከዚህም ይከፋል። ተክሉ መርዛማ ነው፤ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ጥርስ ውስጥ ትል የለም።

ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል መግዛት ደግሞ በከተማው የተለመደ ነው። ሁለት ቀን ሲወስዱት እብጠቱ ይቀንሳል፤ ከዚያ ይተዉታል። ድንጋዩ ግን እዚያው ስለተቀመጠ በሽታው ይመለሳል፤ ሁለተኛ ሲመለስም መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል። ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልገው ትኩሳትና የሚስፋፋ እብጠት ሲኖር፣ ሐኪም ሲያዝ ነው። ተራ የድድ በሽታ በኪኒን አይድንም።

ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጨቅላ ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠውን አይተው «ግግ ነው» ብለው የሚያስፈነቅሉ አሉ። ያ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ በሽታ አይደለም። በስለት ሲወጣ ልጁ ይደማል፣ ይመረዛል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። ለተቅማጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይበጥብጡለትና ጤና ኬላ ይውሰዱት።

ስለ ጸበልም ልናገር። ግሸን ለብዙ ሰው የፈውስ ቦታ ናት። ጸበሉን ይጠጡ፣ እምነቱን ይቀቡ፤ ሕክምናውን ግን አይተዉ፣ የታዘዘ መድኃኒትም አያቋርጡ። ሁለቱ አይጣሉም።

ሲሄዱ ይዘውት የሚሄዱት

መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሯት፤ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የጥርስ ክፍል እንዳለው፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ በስልክ ታጣራልዎት። ሳያጣሩ ሄዶ «የጥርስ ባለሙያ ዛሬ የለም» ከመባል የሚበልጥ ኪሳራ የለም። ከአካባቢው ሆስፒታሎች አልፎ የሚመጣ ሕመም ወደ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል፤ በደሴ ከተማ የግል የጥርስ ክሊኒኮችም አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ፤ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከገቡ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። የትኛው አገልግሎት እንደሚሸፈን አስቀድመው ይጠይቁ።

ባለሙያው ዘንድ ሲቀርቡ ጥርስዎን ብቻ አያሳዩ። ሌላውን ጤናዎንም ይንገሩ፤ ብዙ ጊዜ የድዱ ሥር ያለው እዚያ ነው።

ስኳር በሽታ ካለብዎ ይህን በመጀመሪያ ይናገሩ። ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፤ የታመመው ድድም በተራው ስኳሩ እንዳይወርድ ያደርጋል። ድዳቸውን በደንብ የታከሙ የስኳር ሕመምተኞች የሦስት ወር የስኳር መጠናቸው በ0.4 በመቶ ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህም ተጨማሪ ኪኒን ከሚያመጣው ለውጥ ብዙም አይርቅም። በሌላ በኩል ስኳር እንዳለባቸው ሳያውቁ ድዳቸው በየጊዜው መግል የሚቋጥርባቸው ሰዎች አሉ። ውኃ ከጠማዎ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣብዎ፣ ከሲታ ከሆኑ በዚያው ቀን ስኳርዎን ያስለኩ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ በሆርሞን ለውጥ ድዱ በቀላሉ ይደማል። «ጽንሱን ይጎዳል» ተብሎ ሕክምና ይታለፋል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ድንጋዩን የሚያነሳው የጥርስ እጥበት በእርግዝና ጊዜ ይደረጋል፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ለቅድመ ወሊድ ክትትል በሄዱበት ቀን አፍዎንም ያሳዩ።

የልብ ሕመም ያለባቸው፣ በተለይ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ወጣቶች ወይም የልብ በር የተቀየረላቸው፣ ሐኪሙ አፋቸውን ከመንካቱ በፊት መናገር አለባቸው። ድድ ሲነካ ባክቴሪያ ወደ ደም ስለሚገባ የተጎዳ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱም እንዲሁ። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት ኒፌዲፒን ወይም አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ድዱ አብጦ ጥርሱን እስኪሸፍን ሊያድግ ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ያዘዘልዎት ሐኪም እንዲቀይር ይጠየቃል።

በድንገት ከሁሉም አቅጣጫ የሚደማ ድድ፣ ከድካም፣ ከመገርጣትና ሰውነት ላይ ከሚታይ ብልዝ ጋር ከመጣ የድድ ብቻ ጉዳይ ላይሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይጠይቁ።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ

ጥሩ ምርመራ ዓይን ብቻ አይበቃውም። ሐኪሙ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል እያስገባ፣ አንዱን ጥርስ በስድስት ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ኪስ ነው፤ 6 ከደረሰ ብዙ አጥንት ሄዷል። ሲለካ ደም መውጣት አለመውጣቱንም ይመዘግባል። ራጅ ካለ አጥንቱ የት እንደደረሰ ያሳያል። «ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በካርድዎ ላይ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መሻልዎን የሚያውቁት በዚያ ነው።

ሕክምናው የጥርስ እጥበት ይባላል። ውኃ እየረጨ የሚንዘረዘር ጫፍ ወይም የእጅ መፋቂያ ብረት ድንጋዩን ከጥርሱ ላይ ያነሳል። ድምፁ ያስፈራ ይሆናል፤ ሕመሙ ግን አይከፋም፤ ደምም ይኖራል። ኪሱ ጥልቅ ከሆነ በማደንዘዣ ከድዱ ሥር ገብቶ የጥርሱን ሥር ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ይህም አፉን ከፍሎ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ሊወስድ ይችላል።

ከእጥበት በኋላ ጥርስ በቀዝቃዛ ውኃ ይወጋል፣ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፣ የተነቃነቀውም ይበልጥ የላላ ይመስላል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያረግፋል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው፤ አፈሩ የተሸረሸረበትን የአጥር እንጨት ሐረግ ተጠምጥሞ እንደሚደግፈው፣ ድንጋዩ አጥንት የሌለውን ጥርስ በሐሰት ይዞት ነበር። ድንጋዩ ሲነሳ እብጠቱ ይጎድላል፣ ድዱ በሳምንታት ውስጥ ጥርሱን መልሶ ይጨብጣል። መውጋቱም ቀስ በቀስ ይቀራል።

ከእጥበቱ በኋላ ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ ከታዘዘልዎ ለተባለው ጊዜ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ይጠቀሙበት፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ጥርስ ያጠቁራል፣ ምላስም ለጊዜው ጣዕም ያጣል። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘ ጠላና አረቄ ክልክል ነው።

ባለሙያው «ይነቀል» ካለ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ትንሽ የተነቃነቀ ጥርስ ታጥቦ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ጥርስ ማስነቀል ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ሕመምተኛውም ራሱ «ንቀሉልኝ» ይላል። የሚከተለው ግን ይታሰብ፤ የጎን ጥርስ ወደ ክፍተቱ ይዘማል፣ እንጀራ በአንድ ጎን ይታኘካል፣ ቆሎውና ጥሬው ይቀራል፤ የፊት ጥርስ የሄደባት ሴት በነጠላዋ አፏን እየሸፈነች ትስቃለች። ዜማ የሚያደርሱ መርጌታ የፊት ጥርሳቸው ሲወልቅ ፊደሉ እንዴት እንደሚያስቸግራቸው በአገልግሎት ላይ ያሉት ያውቁታል። በርግጥ አጥንቱ ጨርሶ የሄደበት፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚወዛወዝ ጥርስ መነቀል አለበት።

ከታጠቡ በኋላ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ተመልሰው ይለኩ። ኪሱ ካልቀነሰ ድዱን ከፍቶ የማጽዳት ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ይሆናል፤ ይህን የሚሠሩ ስፔሻሊስቶችን በአብዛኛው አዲስ አበባ መፈለግ ግድ ነው። አጥንቱ የተነካበት ሰው ከዚያ በኋላ በየሦስትና አራት ወሩ መታየት አለበት። ቀጠሮ ለሚረሳ ሰው የወሩ 21 ቀን ማርያም ይርዳው፤ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት፣ ሰኔ ብሎ ቢይዘው አይጠፋውም።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከወጣ፣ አፍ መክፈት ካቃተ፣ ምራቅ መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ፣ ትኩሳት ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆችን ይመልከቱ። ኖማ የሚባል በሽታ አለ፤ ከድድ ቁስል ተነሥቶ ጉንጭን በቀናት ውስጥ የሚበላ። የሚያጠቃው በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ከኩፍኝ ወይም ከወባ ገና ያገገሙ ሕፃናትን ነው። ካልታከመ በበሽታው ከተያዙ 10 ልጆች እስከ 9 ሊሞቱ ይችላሉ፤ የተረፉትም ፊታቸው ይበላሻል። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ የኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ፊት በቀዶ ሕክምና ሲጠግን የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ገና ድድ ላይ እያለ ከተደረሰበት ግን በተራ ፀረ ባክቴሪያ፣ በአፍ ጽዳትና በምግብ ይድናል።

ስለዚህ ልጅዎ አፉ በድንገት ከሸተተ፣ ድዱ ከቆሰለና ከደማ፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ጉንጩ ካበጠ አይጠብቁ። መኪና እስኪገኝ አፉን ለብ ባለ የጨው ውኃ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉለት። ወተት፣ እንቁላል፣ የምጥን አጥሚት ይስጡት፤ ጾም ቢሆንም እንኳ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምምና አይከልክሉት። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም «ልጁ ድዱ ቆስሏል፣ ኖማ እንዳይሆን ፈርቻለሁ» ብለው በስሙ ጠርተው ይንገሯት፤ በዚያው ቀን የሪፈር ወረቀት ትጻፍልዎና ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ።